የአራስ ልጅ ፎቶ መቼ ይነሳ? ለአንዲት የደሴ ነፍሰ ጡር ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው፦ «የመጀመሪያ ልጄን ጥር 20 አካባቢ እንደምወልድ ተነግሮኛል። የምንኖረው ደሴ፣ ሆጤ አካባቢ ነው። ኮምቦልቻ ያለ አንድ ስቱዲዮ "በተወለደ በ10 ቀን ውስጥ ካላመጣችሁት ጥሩ ፎቶ አይወጣም" ይላል። አማቴ ደግሞ ክርስትና ሳይነሳ ሕፃን ፎቶ አይነሳም ባይ ናቸው። በኦፕራሲዮን ልወልድ እንደምችልም ሐኪሙ ነግሮኛል። ቀኑን መቼ ላድርገው?»

አጭሩ መልስ ይህ ነው፦ በምጥ ከወለዱ ከ6ኛው እስከ 12ኛው ቀን፣ በኦፕራሲዮን ከሆነ ከ9ኛው እስከ 14ኛው ቀን ባለው ጊዜ፤ ረፋድ 4 ሰዓት ላይ፤ እዚያው እርስዎ ቤት። ሕፃኑ ወደ ኮምቦልቻ አይወርድም፤ ፎቶ አንሺው ወደ ደሴ ይወጣል። ትክክለኛውን ቀን ግን አሁን አይቁረጡት።

ጥር 20 ግምት ነው። በተባለለት ቀን የሚወለደው ከ100 ሕፃናት 5 ቢሆን ነው። 37 ሳምንት ሞልቶት እስከ 42 ድረስ የመጣ ልጅ በጊዜው ተወለደ ስለሚባል፣ የእርስዎ ልጅ ከታኅሣሥ 29 ጀምሮ እስከ የካቲት 4 በየትኛውም ቀን ሊመጣ ይችላል፤ ገና ዕለትም ሊሆን ይችላል። እንግዲህ «ጥር 27፣ 4 ሰዓት» ብሎ መዝግቦ ቀብድ የሚቀበል ስቱዲዮ የአራስ ፎቶን እንደ ሠርግ ቀጠሮ ቆጥሮታል ማለት ነው። ከፎቶ አንሺው ጋር የምትስማሙት በሳምንት ነው። የሚጠበቀውን ቀን ይነግሩታል፤ እሱ በዚያ ዙሪያ ሁለት ሳምንት ያህል የሥራ ቀኖቹን ሞልቶ አይዝም፤ እንደወለዱ ባለቤትዎ ይደውሉለታል፤ ቀኑ የሚቆረጠው ሕፃኑ 4 ወይም 5 ቀን ሲሞላው ነው። ቀብዱ ከቀኑ ጋር እንደሚዛወር አስቀድሞ በጽሑፍ ይሁን።

ስቱዲዮው «በ10 ቀን ውስጥ» ማለቱ መሠረት አለው። አራስ ልጅ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት በማኅፀን እንደነበረው እጥፍጥፍ ማለት ይቀናዋል፤ በቀን 16 ሰዓት ያህል ይተኛል፣ እንቅልፉም ከባድ ነው። ከ2 እስከ 3 ሳምንት ሲሆነው መንጠራራት፣ ነቅቶ መቆየት፣ በተለይ ወደ ማታ ማልቀስ ይጀምራል፤ ይህ ለቅሶ 6ኛው ሳምንት ገደማ ላይ ይብሳል። ፊቱ ላይም ብጉር መሰል ሽፍታ የሚወጣው በዚሁ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ባለው ጊዜ ነው። የስቱዲዮው ምክር የሚጎድለው በሌላኛው ጫፍ ነው። የመጀመሪያዎቹ 4 ወይም 5 ቀናትም አይመቹም፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው።

አንደኛው ምክንያት ወተት ነው። መጀመሪያ የሚመጣው እንገር ለሕፃኑ ይበቃዋል፤ ሆድ ሞልቶ ለሦስት ሰዓት የሚያስተኛ ዓይነት ግን አይደለም። ወተቱ የሚሞላው ከ3ኛው እስከ 5ኛው ቀን ሲሆን፣ በመጀመሪያ ልጅና በኦፕራሲዮን ወሊድ ጊዜ አንድ ሁለት ቀን ሊዘገይ ይችላል። በእነዚህ ቀናት ሕፃኑ ከትውልድ ክብደቱ ከመቶ 7 እስከ 10 ድረስ ይቀንሳል፤ የሚመልሰው ከ10ኛው እስከ 14ኛው ቀን ባለው ጊዜ ነው። ወተት ሳይሞላ የተያዘ ቀጠሮ በየ20 ደቂቃው ጡት በሚፈልግ ልጅ ያልቃል፤ ፎቶ አንሺው «ልጁ አስቸጋሪ ነው» ብሎ ይሄዳል፤ እናት ደግሞ ወተት የላትም ተብላ ጡጦ እንድትጀምር ትመከራለች። ልጁ ግን ምንም አልሆነም፣ ቀኑ ነው ያልደረሰው። መድረሱን በሁለት ነገር ይወቁ፦ በቀን 6 ወይም ከዚያ በላይ ዳይፐር ያርሳል፤ ጠብቶ ሲጠግብ ደግሞ ሁለት ሰዓት ያህል ይተኛል።

ሁለተኛው የቆዳ ቀለም ነው። ብዙ ሕፃናት ከ2ኛው ወይም ከ3ኛው ቀን ጀምሮ ቢጫ ይሆናሉ፤ በጊዜው በተወለደ ልጅ ላይ የሚበረታው ከ3ኛው እስከ 5ኛው ቀን ሲሆን በሁለት ሳምንት ገደማ ይጠፋል። ጠይም ልጅ ላይ ቆዳውን ከማየት የዓይኑን ነጭና ድዱን ማየት ይሻላል። በካሜራ ላይ ቢጫነቱ ከነበረው ጎልቶ ይወጣል፤ በኮምፒዩተር ሲቀነስ ደግሞ ከንፈሩም አብሮ ይገረጣል። ከፎቶው በላይ የሚያሳስበው ግን ሌላ ነው። ቢጫነቱ በተወለደ በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት ከታየ፣ መዳፍና የእግር ውስጥ ድረስ ከወረደ፣ ወይም ልጁ ለመጥባት እንኳ ካልነቃ፣ የዚያን ዕለት መንገዱ ወደ ጤና ተቋም ነው። ፎቶ አንሺ «እንዴት ደስ የሚል እንቅልፍ ነው» የሚለው ልጅ አንዳንዴ የታመመ ልጅ ነው። ፀሐይ ላይ ማስጣትም ሕክምናውን አይተካም።

እትብቱ አብዛኛውን ጊዜ ከ1 እስከ 2 ሳምንት ውስጥ ወድቆ ያልቃል። እስኪወድቅ መጠበቅ አያስፈልግም፤ በሆዱ አያስተኙትም፣ መጠቅለያውም ይሸፍነዋል። ዙሪያው ከቀላ፣ ከሸተተ ወይም መግል ካለው ግን ቀጠሮው ይሰረዛል፣ ሐኪም ይየው። ቆዳ መላላጥ ምንም አይደለም፤ ቀኑ አልፎት የተወለደ ልጅ የበለጠ ይላላጣል። ለፎቶ ብሎ ቅቤ መቀባት ፊቱን እንደ መስታወት ያብለጨልጨዋል። ኩልም አይቀባ፤ እርሳስ ሊኖርበት ይችላል።

በኦፕራሲዮን ከወለዱ ቀኑን የሚገፉት ለራስዎ ብለው ነው፤ ልጁ በ7ኛው ቀን ዝግጁ ሊሆን ይችላል። ከልጁ የሚከብድ ነገር አያነሱም፣ ወለል ላይ ተቀምጠው አይነሱም። ፎቶው መደገፊያ ባለው ወንበር ላይ፣ ጭንዎ ላይ ትራስ ተደርጎ፣ ልጁን ሌላ ሰው አቀብሎዎት ይነሳ። ከ37 ሳምንት በፊት ከተወለደ ደግሞ ቆጠራው ይለወጣል፤ ቀኑ የሚሰላው ከተወለደበት ሳይሆን ሊወለድ ከነበረበት ከጥር 20 ነው፣ ያውም ሐኪሙ ሲፈቅድ።

አሁን ወደ ቤቱ ቀን መቁጠሪያ እንምጣ፤ ስቱዲዮዎች የሚረሱት ይህንን ነው። ወንድ ልጅ ከሆነና በ8ኛው ቀን የሚገረዝ ከሆነ፣ ወይ በ6ኛው ወይም በ7ኛው ቀን ይነሳ፣ ካልሆነም ከተገረዘ በኋላ ከ7 እስከ 10 ቀን ይጠበቅ። በመሃል የግድ ከሆነ ተጠቅልሎ ብቻ፤ እግር ማጠፍ የለም፣ ልብስ ማውለቅ የለም። በወሎ በአንድ ዘመድ ውስጥ ክርስትናም እስልምናም ስለሚገኝ ይህንን የሚያነቡ ሙስሊም ቤተሰቦችም ይኖራሉ፦ በ7ኛው ቀን አቂቃ ላይ ፀጉሩ የሚላጭ ከሆነ ፎቶው በ6ኛው ቀን ይሁን። ያ የመጀመሪያ ፀጉር ተመልሶ አይመጣም።

የአማትዎን ነገር በክርክር አይጨርሱት። አብዛኛውን ጊዜ «ፎቶ አይነሳም» ማለት «ዓይን አይየው» ማለት ነው፤ የእሳቸው ጭንቀት ያለው የሚያየው ሰው ላይ ነው። ስለዚህ ፎቶው ይነሳል፣ ግን ልጁ ክርስትና እስኪነሳ ማንም አያየውም። ይህንን ከፎቶ አንሺው ጋር ጽፋችሁ ተፈራረሙ፤ ስቱዲዮዎች የአራስ ፎቶ በቴሌግራምና በቲክቶክ እየለጠፉ ደንበኛ መሳብ ስለለመዱ፣ ያልተጻፈ ነገር ይረሳል። ለእሳቸውም «እርስዎ ታቅፈውት ይነሳ» ይበሏቸው። የሴት አያት እጅ ላይ የተኛ ሕፃን፣ እጃቸውና የልጁ ጭንቅላት ብቻ የሚታይበት፣ ከማንኛውም ከቻይና ከመጣ የፕላስቲክ አበባ ይበልጣል። ይህ ሁሉ ተብሎም እሺ ካላሉ ሌላው መንገድ መጨረሻ ላይ አለ።

ኮምቦልቻ አይውረዱ ያልኩበት ምክንያት ቀላል ነው። ከደሴ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆን ነው፤ ግን 650 ሜትር ገደማ ቁልቁል ነው፣ መሃል ላይ ያለው የሐረጎ መንገድም ጠመዝማዛ ነው። በብርድ ተጠቅልሎ የወጣ ልጅ ሙቀት ውስጥ ይደርሳል፤ በመኪናው ንዝረት መንገድ ላይ ይተኛና ስቱዲዮ ሲደርስ ይነቃል። የተኛው እንቅልፍ ለፎቶው ነበር የሚያስፈልገው። ቁስል ያላት እናት በሚኒባስ የምትንገጫገጨው ሌላ ነው። አንድ ሰው ካሜራ ይዞ ቢወጣ ይቀላል። የሚመጣው ሰው ጉንፋን ወይም ሳል ካለው ቀኑ ይዛወር። ሲገባ እጁን ይታጠባል፣ ሕፃኑን አይስምም።

ሰዓቱን በተመለከተ፣ ደሴ ምሥራቋ አዝዋ ገደል፣ ምዕራቧ ጦሳ ነው። ፀሐይ ጠዋት ዘግይታ ትወጣለች፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ጦሳ ቀድሞ ይጋርዳታል። በጥር ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፣ ሌሊቱ ግን ቤቱን አቀዝቅዞት ያድራል። በ2 ሰዓት ብርሃኑ ቢያምርም ክፍሉ ለራቁት ልጅ አይሆንም። ከ4 እስከ 7 ሰዓት ባለው ብርሃንም ሙቀትም ይገናኛሉ፤ ሕፃናትም ከማታው ይልቅ ረፋድ ላይ ይረጋጋሉ። ኮምቦልቻ ለሚኖር ሰው ግን ከ2 ሰዓት ተኩል እስከ 5 ይሻላል፣ ከዚያ ሙቀቱ ይከብዳል። በሐምሌና ነሐሴ የሚወልዱ የደሴ እናቶች ደመናውን አይፍሩት፤ ደመና ብርሃኑን ያለሰልሳል። የሚያስቸግረው ጉሙና የመብራት መጥፋት ነው፣ ስለዚህ ሁለት ቀን መያዝ ያስፈልጋል።

ክፍሉ ልጁ ተጠቅልሎ ሲነሳ 24 ዲግሪ፣ ልብሱን ሲያወልቅ ከ26 እስከ 28 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይሁን። ፎቶ አንሺው በሸሚዝ ካላላበው ገና ነው ማለት ነው። በኤሌክትሪክ ሂተር ከአንድ ሰዓት በፊት ያሙቁት፤ ከልጁ ቢያንስ 1 ሜትር ተኩል ይራቅ፣ ነፋሱ ፊቱ ላይ አይምጣ። መብራት ከጠፋ ሙቅ ውሃ በሃይላንድ ሞልተው ልጁ የሚተኛበትን ጋቢ ያሙቁበት፤ ልጁ ከመተኛቱ በፊት ሃይላንዱ ይውጣ። ከሰል በተዘጋ ክፍል ውስጥ በፍጹም አይገባም። ብዙ የደሴ አራስ ቤት የሚሞቀው በከሰል ማንደጃ ነው፤ ፍሙ የሚያወጣው ጋዝ ሽታ የለውም፣ እናትንም ልጅንም በእንቅልፋቸው ይገድላል። እጣንና የቡና ጭስም ለዚያ ረፋድ ሌላ ክፍል ይሁኑ፤ ጭሱ የልጁን አፍንጫ ይዘጋል፣ ፎቶውንም ያደበዝዘዋል። ቡናው ፎቶው ሲያልቅ ይፈላል።

ልጁ በርዶት እንደሆነ እጅና እግሩን ሳይሆን ማጅራቱንና ደረቱን ዳስሱ። በመጀመሪያ ቀናት የእግር ጣት ትንሽ ሰማያዊ መምሰል የተለመደ ነው፣ ደረቱ ከቀዘቀዘ ግን ወዲያው እናቱ ደረት ላይ ይመለስ። ጤነኛ የሰውነት ሙቀቱ ከ36 ነጥብ 5 እስከ 37 ነጥብ 5 ነው። ከቀላና ካላበው ደግሞ በዝቷል።

ብርሃኑ ከአንድ መስኮት ይምጣ። ፀሐይ በቀጥታ ከገባች ነጠላ አጥፈው ይጋርዱበት፤ ከነጠላ የተሻለ ማለስለሻ በስቱዲዮም የለም። አልጋው ከመስኮቱ 1 ሜትር ያህል ይራቅ። የልጁ አናት ወደ መስኮቱ ያዘነበለ ይሁንና ብርሃኑ ከግንባር ወደ አገጭ ይውረድ። በተቃራኒው ከእግሩ በኩል ከመጣ አፍንጫው ሥር ጥላ ይወጣና ፊቱ ያስፈራል። በወዲያኛው ጎን ነጭ አንሶላ ይዘርጋ። የክፍሉን አምፖል ያጥፉት፤ የአምፖል ቢጫና የመስኮት ብርሃን አንድ ላይ ልጁን ሁለት ቀለም ያደርጉታል። ግድግዳው አረንጓዴ ወይም ሰማያዊ ከተቀባ (ብዙ ቤት እንዲህ ነው) ቀለሙ ጉንጩ ላይ ያርፋል፣ ግድግዳውንም በአንሶላ ይሸፍኑ። ለፎቶ አንሺው፦ አፐርቸር ኤፍ 4 አካባቢ፣ ሹተር ከ160ኛ ሰከንድ በታች ሳይወርድ፣ አይኤስኦ እስከ 1600 ድረስ፣ ዋይት ባላንሱ በአውቶ ሳይሆን 5200 አካባቢ ተቆልፎ። ኤፍ 1 ነጥብ 8 ላይ ሽፋሽፍቱ ጠርቶ አፍንጫው ይደበዝዛል። ፍላሽ ካስፈለገ ወደ ጣሪያ ተመልሶ ይምጣ፣ ፊት ለፊት ከቅርብ አይተኮስ፤ ልጁ ይደነግጣል። በስልክ የምታነሱ ከሆነ ሌንሱን ጥረጉት፣ ማሳመሪያውን አጥፉት፣ ድምፁን ዝጉት፣ ወደ ልጁ ከማስጠጋት የሁለት እጥፍ ሌንሱን ተጠቀሙ።

የዕለቱ ቅደም ተከተል ይህን ይመስላል። ፎቶ አንሺው 3 ሰዓት ተኩል ላይ ደርሶ ቦታውን ያዘጋጃል። ልጁ ልብሱ ከወለቀና ዳይፐሩ ከላላ በኋላ ጡት ይጠባል፤ ጠብቶ ከተኛ በኋላ ማውለቅ መቀስቀስ ነው። ይገሳ። ከተኛ 15 ወይም 20 ደቂቃ ጠብቁና ክንዱን ቀስ አድርጋችሁ አንሡት፤ ዝልፍልፍ ብሎ ከወደቀ እንቅልፉ ገብቷል፣ ከደነገጠ ገና ነው። መጀመሪያ ተጠቅልሎ፣ ቀጥሎ ከእናትና ከአባት ጋር፣ ራቁቱን መጨረሻ ላይ። ሦስት ሰዓት ያህል ይፈጃል፣ ከዚያ ውስጥ ካሜራው የሚሠራው አንድ ሰዓት ቢሆን ነው፤ ቀሪው ማጥባት፣ ማባበልና ዳይፐር መቀየር ነው። በጊዜው «አንድ ሰዓት ይበቃናል» የሚል ፎቶ አንሺ ከዚህ በፊት አልሠራውም። ልጁን ለማስተኛት ስኳር፣ ውሃ ወይም ቅቤ ማላስ አይፈቀድም፤ የእናት ጡት ብቻ።

ስለ አቀማመጥ ሳልናገር የማላልፈው አለ። ልጁ አገጩን በሁለት እጁ ደግፎ የሚታይበት ፎቶ በአንድ ጊዜ የተነሳ አይደለም፤ አንዴ ጭንቅላቱ፣ አንዴ እጆቹ በሰው ተይዘው የተነሱ ሁለት ፎቶዎች በኮምፒዩተር ተጋጥመው ነው። «እንዲህ አድርጉልኝ» ብለው ፎቶ አንሺውን አያስጨንቁት፣ እሱም በአንድ ጊዜ ሊሞክረው ከተነሳ ልጁን ይቀበሉት፤ ጭንቅላቱ ከብዶ ወደ ፊት ሲወድቅ የመተንፈሻ ቧንቧው ይታጠፋል። ስትጠቀልሉትም ደረቱ አካባቢ ሁለት ጣት ይግባ፣ እግሩ እንደ እንቁራሪት ታጥፎ ይቆይ፤ እግርን ወጥሮ ማሰር ዳሌውን ይጎዳል። መሶብ ውስጥ ማስተኛት አሁን ፋሽን ሆኗል። የመሶብ ወገቡ ጠባብ ነው፣ ይገለበጣል። ሰፌድ ላይ አራት እጥፍ ጋቢ አድርጎ ወለል ላይ ማስተኛት ያምራልም፣ የሚወድቅበትም የለም። ባና እና ሱፍ ቆዳውን ይኮረኩራሉ፣ ከሥር ይሁኑ እንጂ አይንኩት። በሁሉም አቀማመጥ የአንድ ሰው እጅ ከልጁ አንድ ስንዝር አይራቅ።

ከ12 ቀን (በኦፕራሲዮን ከሆነ ከ14) ካለፈ፣ ወይም አማትዎ ካልተስማሙ፣ 4ኛና 5ኛው ሳምንት ላይ አይሯሯጡ። ያ ጊዜ የሽፍታውና የለቅሶው ጊዜ ስለሆነ ገንዘቡም ልፋቱም ይባክናል። ዘልላችሁ ወደ ክርስትናው ሂዱ። ልክ ጥር 20 ቢወለድ፣ ወንድ ከሆነ 40 ቀኑ የካቲት 29 ላይ ይውላል፤ ሴት ከሆነች 80 ቀኗ ሚያዝያ 9 ነው። ለሴቷ ቀኑ ራሱ ምርጥ ነው፤ ትስቃለች፣ አንገቷም እየጠነከረ ነው፣ ማተቧ በአንገቷ ሆኖ ቤት ስትመለስ መስኮቱ አጠገብ ግማሽ ሰዓት ይበቃል። ለወንዱ ትንሽ ይቀድማል፤ ፈገግታው ገና እየጀመረው ነው፣ የ6 ሳምንት ክትባቱም መጋቢት 2 አካባቢ ተከትሎ ይመጣል። ከክትባቱ በኋላ አንድ ሁለት ቀን ሊያተኩሰው ስለሚችል፣ የእሱን የፎቶ ቀጠሮ ከመጋቢት 10 ወዲያ አድርጉት።